«ጭራቅ» መጽሔት፣ ቁጥር አምስት

ስሜ ምሕረት ነው። አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ምን ተስፋ እንዳደረገ አውቃለሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ለስሜ የሚገባ ሥራ አልሠራሁም። የምነግራችሁ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ ጭሮ ከተማ ውስጥ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የደረሰብኝንና ያደረስኩትን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ በዚያ ሳምንት ተወግቼም ወግቼም ስለነበር ሁለቱንም አልረሳሁም።

ያኔ ከምንም በላይ የምወደው መፍራት ነበር። እኩዮቼ በስልክ ሜሞሪ ዘፈንና ተከታታይ ድራማ ሲቀባበሉ እኔ የማሳድደው ሙታን የሚነሱበትን፣ ግድግዳ የሚደማበትን ፊልም ነበር። ቤተሰቤ ጴንጤ ስለሆነ የማየው ተደብቄ ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ምናልባት ሳድግ ይለቀኝ ነበር። ግን አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ኢፍቱም እንደኔው ነበረች። እንደ እሷ ጥርስ የሚስል ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። በቢክ እስክሪብቶ አንዱን ጥርስ ታጣምመዋለች፣ አንዱን ትሸርፈዋለች፤ ጭራቁ ትናንት ምን እንደበላ ከጥርሱ ይታወቃል።

ስለዚህ መጽሔት ጀመርን። ስሙን «ጭራቅ» አልነው። አባቴ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ የተበላሹ ወረቀቶች በካርቶን ተከማችተው ይቀመጡ ነበርና ባዶው ጀርባቸው ላይ እናትማለን። ስለዚህ የእኛ መጽሔት አንዱ ገጹ ጭራቅ ከሆነ ጀርባው የማታውቁት ሰው የሥራ ማመልከቻ ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ ኢፍቱ ትስላለች፣ በስቴፕለር ጎኑን መትተን ክፍል ውስጥ እናዞራለን። ቁጥር አንድ አሰቦት ቆላ ውስጥ ስለሚዞር ጥላ የሌለው እረኛ ነበር። ቁጥር ሁለት በቦኬ ገበያ ቀን ሽንኩርት ስለምትሸጥ፣ ከቀሚሷ ሥር ሰኮና ስላላት ሴት። ቁጥር ሦስት በገለምሶ ሚኒባስ ተሳፍሮ ፈጽሞ ስለማይወርድ ሰውዬ።

አንባቢ ለታሪኩ ማርክ ይሰጣል። መለኪያችን ሽንት ቤት ነው፦ ታሪኩን ካነበብክ በኋላ ለስንት ምሽት ጓሮ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው አስከተልክ? የሚኒባሱ ሰውዬ አራት ሽንት ቤት አግኝቷል። የመጨረሻው ገጽ ደግሞ «የአንባቢ ፍርሃት» ይባል ነበር። ተማሪዎች የሚፈሩትን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ያለ ስም ይሰጡናል፣ እኛም መርጠን እናትማለን። ብጣሾቹን ሁሉ በአንድ የጫማ ካርቶን አስቀምጥ ነበር። ይህን ካርቶን አስታውሱልኝ።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ቲቸር ደረጀ የባዮሎጂ መምህራችንና የክፍላችን ኃላፊ ነበር። ከሌላ ክልል ተመድቦ ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ነጭ ጋዋኑ ዘወትር እንደተተኮሰ፣ ቀይ እስክሪብቶው ደረት ኪሱ ላይ እንደተሰካ ነው። ማስተማር አይችልም ነበር አልልም፤ የልብን አራት ክፍሎች ያወቅኩት ከእሱ ነው። አንድ ትልቅ ኩራት ግን ነበረው፦ ስም ሲጠራ አይደግምም። «እኔ አንዴ ነው የምጠራው» ይላል። ቶሎ «አቤት» ያላለ ፊቱ ተቀምጦ እያየው ቀሪ ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት ቁጥር አራት እጁ ገባ። በሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ማይኩን ያዘና አንድ ገጽ በሚያሾፍ ድምፅ አነበበ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ የኢፍቱን ሥዕል ከፍ አድርጎ አሳየና «ይህ የሰይጣን አምልኮ ነው» አለ። አሁን የሚስቅ የለም። ሁለታችንን በስም ጠራን፣ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኛም አቤት ብለን ወጣን። አሥራ ሁለት ቅጂ ሰብስቦ ነበር፤ ባልዲ ውስጥ ጨምሮ ፊት ለፊታችን ክብሪት ጫረ። ኢፍቱ አላለቀሰችም። ወረቀቱ ሲጠቀለል ጥርሶቹ መጨረሻ እንደሚቃጠሉ አሳየችኝ፤ እስክሪብቶውን ተጭና ስለምትስል ነው።

ወላጅ ተጠራ። የእኔ አባት ራሱን ይዞ ሰማና ወደ ጸሎት ቤት ወሰደኝ፤ እጅ ጭነው ጸለዩልኝ፣ እቤት ገባሁ፣ አለቀ። የኢፍቱ አባት ኦቦ ጀማል ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ቲቸር ደረጀ ለእሳቸው ምን እንዳላቸው በመስኮት ሰምቻለሁ። «ልጅዎ ሰይጣን ትስላለች። ከዚህ ከተማ ካላራቋት ትጠፋብዎታለች።» እሳቸው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ማክሰኞ ማለዳ ኢፍቱ በሚኒባስ ገለምሶ ተላከች። እዚያ ትምህርት አልታሰበላትም፤ የአክስቷን ቤት ልትይዝ ነው።

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ስታፍ ሩም ሄጄ ለመንኩት። መጽሔቱን ዳግም እንደማልሠራ ማልኩ። ለአባቷ ሥዕል ብቻ ነው ብለው ይንገሩልኝ፣ እርስዎን ይሰማሉ አልኩት። ፈተና እያረመ ነበር። ቀይ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መለሰልኝ።

«አንድ ቦታ ተለቀቀ። ድሮም ዴስኩ ጠቧችሁ ነበር።»

ከዚያ ክፍል ስወጣ ሌላ ልጅ ነበርኩ። ልቤ ውስጥ የገባውን ነገር ስም ልሰጠው እችላለሁ፤ ጥላቻ ነው። ሙሉ፣ ንጹሕ፣ ያልተበረዘ ጥላቻ። ይህን ሰው ላስፈራው አልፈለግኩም፤ ሌሎች እሱን እንዲፈሩት ነበር የፈለግኩት።

አባቴ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከሰዓት ሱቁን ለእኔ ትቶ የጸሎት ኅብረት ይሄዳል። እንደወጣ የጫማ ካርቶኑን አወጣሁና ብጣሾቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። አንባቢዎቼ ምን እንደሚፈሩ እሱ አያውቅም፣ እኔ ግን በእጅ ጽሑፋቸው አለኝ። እባብ፣ ጅኒ፣ ፈተና፣ የእንጀራ አባት። ግማሽ ያህሉ ግን የጻፉት አንድ ነገር ነበር።

እኛ አገር ልጅ ሆኖ ይህን ያልተነገረው የለም። ሲመሻሽ ከውጭ ስምህ ከተጠራ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አትልም። በሁለተኛውም አትልም። ጅብ ቀን ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ የሰው ስም ያጠናል፣ ሲመሽ መጥቶ በደጅ ይጠራል፤ ግን ሦስት ጊዜ መጥራት አይችልም። ሦስት ጊዜ የሚጠራ ሰው ብቻ ነው። ከብጣሾቹ አንዱ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ «እኔን የሚጠራኝ በእናቴ ድምፅ ነው። እናቴ ግን ሞታለች።» ስም ባይኖረውም ጽሑፉን አውቀዋለሁ። አብዲ ነው፣ በስም መጥሪያው ላይ መጀመሪያ የሚጠራው ልጅ። አያቱ አዴ ፋጡማ ናቸው ያሳደጉት። ሁለቴ አነበብኩት፤ ቢሆንም ወደ ካርቶኑ አልመለስኩትም።

ቁጥር አምስትን በሁለት ሰዓት ጻፍኩት። ርዕሱ «ስም ጠሪው» ነው። ነጭ ልብስ የለበሰ ነገር ጠዋት ጠዋት ሰዎች ፊት ይቆማል። ጅብ ሲመሽ ይጠራል፣ እሱ ግን ፀሐይ አይፈራም። ዝርዝር ይዟል፣ እያንዳንዱን ስም አንዴ ብቻ ይጠራል። አቤት ያለ ስሙን በገዛ አፉ አስረከበ። በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ማንም የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም፣ እንዲያውም ቦታ ሰፋ ይላሉ። የሚወዱትን ሰው ድምፅ መስሎ ሊጠራም ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ሦስት ጊዜ እስኪጠራ ዝም ማለት።

ሥዕል አልነበረኝም፤ ሰዓሊዋ የለችማ። ስለዚህ ሥዕል በሚገባበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን አሰመርኩና ሥሩ «ሰዓሊያችን ተበልታለች» ብዬ ጻፍኩ። አርባ ቅጂ አተምኩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቀጭን መስመር በእጄ ጎተትኩ። የቲቸር ደረጀን ስም አንድም ቦታ አልጻፍኩም።

ረቡዕ ከደወል በፊት በተንኳቸው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያወራ አልነበረም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላሉ። የቲቸር ደረጀ ችግር የመጣበት አገር ጅብ አሳምሮ የሚያውቅ መሆኑ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋዋኑን ለብሶ ገባ። ተቀመጡ አለ። ስም መጥሪያውን ከፈተ።

«አብዲ።»

አብዲ አፉን ከፈተ። ከኋላው ስለተቀመጥኩ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ሲገታተር አይቻለሁ። አፉን ዘጋ። ቲቸር ደረጀ ቀና ብሎ አየው፣ ሊደግም ግን ኩራቱ አልፈቀደለትም፤ ቀዩን ምልክት አደረገ። ሁለተኛውን ስም ጠራ። ዝም። ሦስተኛውን። ዝም። እስከ አሥረኛው ድረስ የምንቀልድ መስሎት ከንፈሩ ዳር ፈገግታ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠፋ። ልጆቹ አይቀልዱም ነበርና። አንዷ ዱዓ ታደርጋለች፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል። ያላመኑትም ከሚያምኑት መሃል ቀድመው አቤት ማለት ፈሩ።

«ኢፍቱ።»

መልቀቂያ ስላልወሰደች ስሟ አልተሰረዘም ነበር። በልማድ ነው የጠራት። ክፍሉ እስከዚያ ድረስ በፍርሃት ነበር ዝም ያለው፤ በዚህ ስም ግን ስልሳ ሦስት ልጅ አንድ ላይ ወደ ባዶው ቦታ ዞረ፣ ከዚያ አንድ ላይ ወደ እሱ። እጁ ቆመ። ጋዋኑ እንደዚያ ቀን ነጭ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

እኔ ጋ ደረሰ። ስሜን ጠራ። ልንገራችሁ፣ ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሻይ እየጠጣሁ። ግን አቤት ልበል ብል ምላሴ አልታዘዘኝም። የገዛ ጭራቄን ፈራሁት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራው በዚያ ነው።

ስልሳ አራቱንም ጠርቶ ጨረሰ። «እሺ፣ ሁላችሁም የላችሁም» አለና ወጣ። በንዴቱ በዝርዝሩ ላይ ላለ ሁሉ የቀሪ ወረቀት ይታተም ብሎ ጸሐፊዋን አዘዘ፦ ወላጅ ዓርብ ጠዋት ይዞ መምጣት። ወረቀቶቹ ሲታደሉ አንዱ ወሳጅ አጣ። እኔ አነሳሁት።

ኦቦ ጀማል ሱቅ በር ላይ ቆሜ አሰላሙ አለይኩም አልኳቸው። መለሱልኝ፤ ሊቆጡኝ ይችሉ ነበር፣ አልተቆጡም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ልጅዎ ስሟ ሲጠራ አልመለሰችም ይላል።

«ኢንተላ ቲያ ገለምሶ ናት» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እዚህ ማን ጠራት?»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ተለወጠ። እሳቸውም የዚህ አገር ልጅ ናቸው። ሁሉንም ልነግራቸው እችል ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ነገ እመጣለሁ አሉ።

ዓርብ ክፍሉ በወላጅ ሞልቶ የቀረው በመስኮት ቆመ። አባቴ ከኋላ ነበር፤ የማተሚያውን ቀለም፣ የቶነሩን መጉደል ያን ቀን ጠዋት አውቆ ስለነበር ወደ እኔ አያይም። ዳይሬክተሯ የዚሁ አካባቢ ሰው ናቸው። አብዲን አስነስተው ለምን አቤት አላልክም አሉት። አብዲ መሬት መሬት እያየ፣ አንዴ ብቻ ስለጠሩኝ ነው አለ። ቲቸር ደረጀ ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

አዴ ፋጡማ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ተናገሩ። «ልጁ ልክ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ሰው ከሆንክ ሦስት ጊዜ ጥራው፣ ምን ይጎዳሃል?»

ወላጆቹ አጉረመረሙ፤ ከእሳቸው ጋር ነበሩ። ቲቸር ደረጀ ይህ አጉል እምነት ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ የለውም አለ። ዳይሬክተሯ አዩት። ሰኞ ዕለት ባንዲራ ሥር ስለ ሰይጣን ማይክ ይዞ የተናገረው እሱ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል። ስም መጥሪያውን አንስተው እጁ ላይ አስቀመጡለትና ይጥሯቸው አሉት።

ጠራ። «አብዲ። አብዲ። አብዲ።» አቤት። እያንዳንዱን ስም ሦስት ጊዜ። ሃያኛው ላይ ላቡ ጋዋኑን ከአንገቱ ጋር አጣበቀው፣ ከዚያ ድምፁ ሻከረ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ እያንዳንዱን እያጣጣምኩ ሰማሁ። ማር እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

«ኢፍቱ።» ቆመ። ዳይሬክተሯን አየ፤ ቀጥል የሚል ፊት ነው። «ኢፍቱ።» ሦስተኛውን ሲጠራ ድምፁ ከጉሮሮው የወጣው በግማሹ ነው። «ኢፍቱ።»

«አቤት» አሉ ኦቦ ጀማል።

ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ኮፍያቸውን አስተካከሉና ወደ ፊት ሁለት እርምጃ መጡ።

«አለች። ሰኞ ትመጣለች» አሉት። «ባለፈው አንተ አንዴ ጠራኸኝ፣ እኔ አቤት አልኩህ። ሦስት ጊዜ እስክትጠራኝ መጠበቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቲቸር ደረጀ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳና ከስሟ ጎን «አለች» የሚለውን ምልክት አደረገ። የእኔን ስም ሲጠራ ድምፁ አልቆ ነበር። እኔ ግን በሙሉ ጉሮሮዬ አቤት አልኩት።

ቁጥር አምስት የማን እጅ ሥራ እንደሆነ አልተሰወረም፤ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ታገድኩ። አባቴ ቶነሩን በጉልበቴ አስከፈለኝ፤ ሱቁን ለአንድ ወር ስጠርግ ከረምኩ። አንድ ቀን መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብሎ አስቀመጠና ሰውየውን ጠልተሽው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለና መጥረጊያውን መለሰልኝ።

ኢፍቱ ሰኞ ዕለት መጥታለች። ቁጥር አምስትን አንድ ጊዜ አነበበችው፣ ባዶዎቹን ሳጥኖች አገላበጠች፣ ከዚያ ሁለት ሽንት ቤት ሰጠችው። ፊት የሌለው ጭራቅ አያስፈራም አለችኝ። ጓደኛዬን ከገለምሶ ያስመለሰ ታሪክ ሁለት ብቻ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አሁን ከእኔ ንስሐ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ለቲቸር ደረጀ የሚሆን የለኝም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያመኛል፣ እሱም አብዲ ነው። ያመነኝና የእናቱን ድምፅ በብጣሽ ወረቀት የላከልኝ ልጅ ነበር፣ እኔ ጥይት አድርጌ ተኮስኩበት። ለሁለት ወር ያህል አያቱ ሲጠሩት እንኳ ይደነግጥ ነበር አሉ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ሳቀና እርሺው አለኝ፤ እኔ ግን የጫማ ካርቶኑን ብጣሾች በእጅ ጽሑፋቸው እየለየሁ አንድ በአንድ ለባለቤቶቻቸው መለስኩ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው የራሴን ፍርሃት ብቻ ነው። ሰው ምን እንደሚፈራ ሲነግራችሁ አደራ ነው፤ ሌላውን ስለ በቀል የምትሉትን ሁሉ አባቴ ብሎኛል።

ኢፍቱ ዛሬ ገለምሶ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ትሠራለች፤ አትሳቁ። በዚያ ጊዜ የተላከችበት ከተማ አሁን በፈቃዷ የምትኖርበት ሆኗል። አምና ልጠይቃት ሄጄ ስመለስ፣ መናኸሪያው ውስጥ የጭሮ ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ አንድ ሰው «ምሕረት» አለ። ድምፁን ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም። ከዚያ ዓመት በኋላ ተዛውሮ ነበር፤ የት እንደደረሰ አልጠየቅኩም። አልዞርኩም። «ምሕረት» አለ ደግሞ። አጠገቤ ዘንቢል ይዘው የቆሙ ሴትዮ ይጠሩሻል እኮ አሉኝ። እሰማለሁ አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የሄደ መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ፣ ሦስተኛውንም ጠራኝ።

ያኔ ዞርኩና «አቤት፣ ቲቸር» አልኩት።